ከኮረብታው የወረደው ጥሪ

ከደሴ የተነሣሁት ማልጄ፣ የአጎቴን ልጅ የዘሀራን አደራ በቦርሳዬ ይዤ ነው። ዘሀራ ጅዳ ናት፤ ኒካህዋ ሊታሰር ነው። እናቷ እትዬ ፋጡማ ፊቷን እያዩ እንዲመርቋት ስማርት ስልክ በመንገደኛ ልካልኛለች። መካነ ሰላም አካባቢ ፎር ጂ ገባ ሲባል ሰምታለቻ! "ሳልመረቅ አልዳርም፣ አደራሽን" ብላኛለች። እኔ ደግሞ ወሬ እንጂ አደራ አልበላም።

ጉጉፍቱ ላይ ጉሙ መንገዱን ስለዋጠው ሹፌሩ አንገቱን በመስኮት አውጥቶ ነዳ። አቀስታ ስንደርስ እጄ በብርድ ደንዝዞ ነበር፤ ትኩስ ቅቅል ድንች በሚጥሚጣ በላሁ። ሻጯ ስልኳን ጆንያ ላይ አስደግፋ ኳታር ካለች እህቷ ጋር ትሳሳቃለች።

"ወላሂ፣ ድሮ 'ሄሎ፣ ሄሎ' ስንል ካርዱ ያልቅ ነበር" አለችኝ። "አሁን ድንቹን ሳይቀር አሳየኋት፤ ምራቋን ዋጠች!"

ከዚያ ወዲያ ገብስ በገብስ የሆነውን ደጋ አቋርጠን ከሰዓት በኋላ መካነ ሰላም ገባን።

ወደ አጎቴ መንደር የሚኬደው በእግር ነው። ቤታቸው ከኮረብታ ሥር፣ ረባዳ ላይ ስለሆነ የድሮው ኔትወርክ አይደርሰውም። ለመደወል ኮረብታው ራስ መውጣት ነው፤ የሚወርድ ሰውም የጎረቤቱን ሰላምታ ሁሉ ይዞ ይወርዳል። እትዬ ፋጡማ ጉልበታቸው ከከዳቸው ወዲህ ልጃቸውን የሚሰሙት በባላቸው አፍ ነው። "ላም አለኝ በሰማይ ሆነችብኝ" ይላሉ።

አጎቴ ሰይድ ስልኩን ሲያዩ ነጭ ጀለብያቸውን ለበሱ፣ ጎረቤት ጠሩ።

"በሉ፣ ወደ ኮረብታው!"

"አጎቴ፣ እስቲ እዚሁ ልሞክረው" አልኳቸው።

"ኧረ ተይ አንች! ስልክ እዚህ ቤት ገብቶ አያውቅም።"

ከሽማግሌ ጋር ምን ክርክር አለ! ወጣን። እትዬ ፋጡማ በሩ ላይ ተቀምጠው ቀሩ።

ኮረብታው ላይ ዘሀራ ጥርት ብላ ብቅ አለች፤ የእጇ ሂና ሳይቀር ይታያል። አጎቴ "ሱብሃን አላህ!" ብለው መሬት ላይ ዝርፍጥ አሉ። እሷ ግን ዓይኗ ከኋላችን ሰው ይፈልጋል።

"እማ የታለች?"

"ቤት ናት። ጉልበቷ እኮ..." አሉ አጎቴ።

"እሷን ሳላይማ አይሆንም። ሰዎቹ ተሰብስበው እየጠበቁኝ ነው" አለችና ፊቷን በሻሿ ሸፈነች።

አንጀቴን በላችው። "ሳይዘጋ ይዘነው እንውረድ!" አልኩ።

"ጥቁሩ ቋጥኝ ጋ ይቆረጣል" አሉ አንድ ጎረቤት። ሁልጊዜ የሚቆረጠው እዚያ ነው።

ስልኩን ወተት እንደሞላ ቅል በሁለት እጄ ይዤ ቁልቁል ወረድኩ። ቋጥኙ ጋ ስንደርስ ሁሉም ቀጥ አለ፤ አጎቴ ዱአ ያነበንባሉ። ፈራ ተባ እያልኩ አለፍኩት።

"አባ፣ ምን ሆናችሁ ነው የቆማችሁት?" አለች ዘሀራ።

አልተቆረጠም! አጎቴ እንደ ጎረምሳ ወደ ቤት ሮጡ።

እትዬ ፋጡማ ስልኩን ተቀብለው ወደ ፊታቸው አስጠጉ። "ከሳሽብኝ" አሉ። ከዚያ እጃቸውን ዘረጉ። "ትዳርሽ ይስመር፣ ወልደሽ ሳሚ፣ ከክፉ ዓይን ይሰውርሽ!" እኛም "አሚን!" አልን። እንደ አገሩ ወግ ምርቃቱን ሲጨርሱ "እትፍ፣ እትፍ" ብለው ስልኩን አረጠቡት። ዘሀራ ጅዳ ሆና ጉንጯን አስጠጋች።

ስልኩን ለእትዬ ፋጡማ ትቼ፣ አደዋወሉንም አሳይቼ በማግስቱ ደሴ ገባሁ። ኔትወርክ ተሻሻለ ሲባል ፊልም ቶሎ ማውረድ ብቻ ይመስለኝ ነበር፤ ለካ ኮረብታ መውጣት ላቃተው ሰው ቤቱ ድረስ መምጣት ነው። ጫማዬን ሳላወልቅ ስልኬ ጠራ። ስከፍተው የሚታየው አንድ ትልቅ ጆሮ ብቻ! እትዬ ፋጡማ እንደ ድሮው ስልክ ጆሯቸው ላይ ለጥፈውታል።

"ደህና ገባሽ ወይ፣ የኔ ኑር?"

ሳቄም እንባዬም አንድ ላይ መጣ። ከቤታቸው፣ በራሳቸው እጅ ነው የደወሉት።