ለጋሼ የተቆረጠው ጉበት

ሶፋ ሰሪዋ ከታላቅ ወንድሟ ጋር ከተኳረፈች አራት ዓመት አልፏት ነበር። ዘመዱ ሁሉ «ጋሼ» የሚለው ይህ የተከበረ ርዕሰ መምህር በልጁ ምርቃት ላይ ለእንግዶች ሲያስተዋውቃት «ይቺ ደግሞ ያልተማረችው እህታችን ናት» ብሎ ከት ብሎ ሳቀ። እሷም ሳህኗን አስቀምጣ ወጣች፤ በወጣችበት ቀረች።

ከዚያ የጋሼ ጉበት ከዳው። ዓይኑ ቢጫ ሆነ፣ ሆዱ ውሃ ቋጠረ፣ ዕድሜውን ሙሉ የሰው ስህተት ሲያርም የኖረው ሰውዬ የገዛ ልጁን ስም ይስት ጀመር። ዘመድ አዝማድ ሆስፒታሉን አጥለቀለቀው። «ምነው ለእኔ ባደረገው!» ያላለ የለም። በተለይ ብረት በማንሳት ደረቱን ያሳበጠው ታናሽ ወንድማቸው አልጋው ላይ ተደፍቶ «ነፍሴን ውሰድና ተነስልኝ!» እያለ ነርሶቹን ሳይቀር አስለቀሰ።

ሐኪሟ ግን ነፍስ አልፈለገችም። የፈለገችው ቁራጭ ጉበት ነው።

«ከጤነኛ ሰው ግማሽ ያህሉን ወስደን እንተክላለን። ጉበት በሰጪውም በተቀባዩም ላይ መልሶ ያድጋል። ከአሥር ታካሚዎች ዘጠኙ ያህል ከዓመት በኋላም በሕይወት አሉ። ለሰጪው ግን ቀላል ነው አልላችሁም፤ ትልቅ ቀዶ ጥገና ነው» አለቻቸው።

አንዷ አክስት ያልጠራ ስልክ አንስታ «ሃሎ» እያለች ወጣች። የአጎታቸው ልጅ መኪናውን ክልክል ቦታ ማቆሙ ትዝ አለው። ባለ ደረቱ፣ እውነት ለመናገር፣ ተመረመረ፤ ግን የዚያ ሁሉ ጡንቻ ባለቤት ጉበቱ ስብ ሞልቶት ተገኘና ምርመራውን ወደቀ። እፎይታውን ለመደበቅ ከበፊቱ አብልጦ አለቀሰ።

በመጨረሻ የጋሼ ሚስት ሶፋ ሰሪዋ ወርክሾፕ ድረስ መጣች። ሶፋ ሰሪዋ ምስማር በከንፈሯ ይዛ የወንበር ቆዳ እየወጠረች ነበር። ሰምታ ስትጨርስ ምስማሮቹን መዳፏ ላይ ተፋቻቸው።

«ያልተማረ ጉበት ይስማማዋል?»

ሚስትዮዋ አቀርቅራ አለቀሰች። በማግስቱ ሶፋ ሰሪዋ ደሟን ለምርመራ ልትሰጥ ሄደች። ምርመራው ሁሉ ተስማማ። የሥነ ልቦና ባለሙያው «የሚያስገድድሽ ሰው አለ?» ብሎ ሲጠይቃት «ቢኖርማ እምቢ እል ነበር» አለችው።

በቀዶ ጥገናው ጠዋት የሆስፒታሉን ጋውን ለብሳ አልጋዋ ላይ ወጣች። ጋሼ ከጎኗ በነበረው ተሽከርካሪ አልጋ ላይ ሆኖ በደከመ ድምፅ ጠየቃት።

«ለምንድነው ይህን የምታደርጊው?»

«እኔም አላወቅኩትም። ዝም ብለህ ተኛ።»

ሁለቱም ተረፉ። እሷ ሁለት ወር መዶሻ ማንሳት አቃታት፤ ሲያስላት ሆዷን በትራስ ትደግፍ ነበር። በሦስተኛው ወር ጉበቷ ሊሞላ ምንም እንዳልቀረው ሐኪሟ በምስል አሳየቻት። የጋሼም ዓይን ነጣ፤ ከነጣበት ቀን ጀምሮ የነርሶቹን የእጅ ጽሑፍ ማረም ያዘ።

ከሆስፒታል በወጣ ጊዜ ዘመድ ሰብስቦ ንግግር አደረገ። ሐኪሟን አመሰገነ፣ ሳይንስን አመሰገነ፣ ባለ ደረቱን ስለ እንባው አመሰገነ። «እህታችንም የበኩሏን አድርጋለች» ብሎ ቁጭ አለ። የበኩሏ እንግዲህ ግማሽ ጉበት መሆኑ ነው።

አሁን ሐኪሟ በእግር ተንቀሳቀስ ስላለችው ቅዳሜ ቅዳሜ ወርክሾፑ ድረስ እየተራመደ ይመጣል። ያላለቀ ሶፋ ላይ ተደላድሎ ስፌቱ ጠሟል፣ ቀለሙ አይሄድም ይላታል። እሷም ሬዲዮኑን ከፍ አድርጋ ሥራዋን ትቀጥላለች። አንድ ቅዳሜ ቢዘገይባት ግን መዶሻዋን አስቀምጣ መንገድ መንገዱን ስታይ ጎረቤቶቿ አይተዋታል፤ ብትጠየቅ ትክዳለች።