እናቴ የምታሳርፈው ራውተር

እናቴ ሰላሳ ዓመት ላውንደሪ ቤት ልብስ ስትተኩስ ኖራለች። እዚያ የጋለ ነገር ከሶኬት ይነቀላል፣ ያርፋል። አንዴ የተረሳ ካውያ ግማሹን ቤት ከነልብሱ አቃጥሎባቸዋል፤ ስለዚህ ጡረታ ከወጣችም በኋላ የጋለ ነገር ስትነካ እጇ ቀጥታ ወደ ሶኬቱ ነው። ቲቪው ያርፋል፣ ፍሪጁም ያርፋል። አባቴ "የማያርፈው ምላሷ ብቻ ነው" እያለ ይቀልድባት ነበር።

ልቡን ከታመመ ወዲህ ሐኪሞቹ ደረቱ ላይ ቀበቶ አሰሩለት። ቀበቶው የልቡን ምት በቤታችን የኢንተርኔት ራውተር በኩል ለሆስፒታሉ ይልካል፤ ምቱ ከጠፋባቸው የሆስፒታሉ ነርስ ትደውላለች። የማትደውልበት ቀን አልነበረም ማለት ይቻላል። ስልኩ በጮኸ ቁጥር ልቤ ቀጥ ይላል፤ ሮጬ ስገባ አባቴ ትራሱን ተደግፎ ሬዲዮ ይሰማል።

"ዛሬም አልሞትኩም፤ ሂጂ ሥራሽን ሥሪ" ይለኛል።

መላው ሲጠፋን የኢንተርኔት መስመር ሠራተኛ አስጠራን። ራውተሩን ገና ከማየቱ "ማነው የሚነቅለው?" አለ።

"እኔ ነኝ ልጄ" አለች እናቴ። "ይግላል እኮ። ትንሽ ይረፍ ብዬ ነው።"

ከት ብሎ ሳቀ። "እማማ፣ እሱ አይደክመውም፤ ሞቅ ማለቱም ያለ ነው። ከመሥሪያ ቤታችን ማሽን ጋር ሁልጊዜ ያወራል። ማሽኑ 'አለህ?' ይለዋል፣ እሱ 'አለሁ' ይላል። እርስዎ ሲነቅሉት ዝም ነው። ዝምታው ሲበዛ ማሽኑ መስመሩ ታሟል ብሎ ፍጥነቱን ይቀንስበታል፤ መልሰው ቢሰኩትም እየተንቀራፈፈ ነው የሚሠራው።"

እናቴ አልሳቀችም። "እሳት ቢነሳስ?"

"አይነሳም። ጨርቅ አይደርቡበት፣ አየር ያግኝ። በቃ።"

ከዚያ ወዲያ አልነቀለችውም። ፍርሃቱ ግን አልለቀቃትም፤ እየመጣች የራውተሩን ጀርባ በመዳፏ ትዳስሳለች፣ የሚቃጠል ነገር ይሸት እንደሆነ ታነፈንፋለች፣ ገበያ ስትወጣ እኔን ታስጠብቀኛለች። የነርሷ ስልክ ግን ጸጥ አለ። እኔም እፎይ አልኩ።

አንድ ጠዋት ስልኩ ጮኸ። "ምታቸው ጠፍቶብናል" አለች ነርሷ።

"እናቴ ነቅላው ይሆናል" ብያት ዞር ስል የራውተሩ መብራቶች ሁሉም አረንጓዴ ናቸው። እናቴ ሁለት እጇን ወደ ላይ አነሳች። "አልነካሁትም! እግዜር ያውቃል፣ አልነካሁትም!"

"መስመሩ ደህና ነው፣ ይታየናል" አለች ነርሷ። "ለዚህ ነው አምቡላንስ የላክነው። ቶሎ ግቢና እዪያቸው።"

ምነው ያ ራውተር ተበላሽቶ በሆነ ብዬ ተመኘሁ። የመኝታ ቤቱ በር ገርበብ ብሏል፤ ሬዲዮው ብቻውን ያወራል። እናቴ መቃኑን ይዛ ቀረች።

"አንቺ ግቢ" አለችኝ። "እኔ አልችልም።"

በሩን ገፍቼ ገባሁ። አባቴ በአልጋውና በግድግዳው መሃል ወድቋል። ቀበቶው ተፈትቶ ከሥሩ ገብቷል፤ ፊቱ አመድ መስሏል። ዓይኖቹ ግን ያዩኛል። ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ ጆሮዬን አስጠጋሁ።

"እናትሽን አታስገቢያት" አለኝ።