የኔታ ስልክ ያስጠኑኝ ዕለት

ዛሬ ሱቄ ውስጥ የኔታ ፊት የውስጥ ልብስ ማስታወቂያ ተከፈተብኝ። ያውም በራሳቸው ስልክ!

የኔታ እዚህ መካነ ኢየሱስ ከተማ የቅኔ መምህር ናቸው። ዓይናቸው ደክሟል። አዲስ አበባ ያለችው ልጃቸው የላከችላቸውን መልእክት ማንበብ አቅቷቸው መጡ። ሌላ ሰው እንዲያነብላቸው ደግሞ በጭራሽ አይፈልጉም።

የስልክ ባለሙያ ነኝ ባዩ እኔ፣ ጽሑፍ የሚያጎላ አፕ አወረድኩላቸው።

«ውድ አባቴ...» ብለው ሲጀምሩ ያቺ የማስታወቂያዋ ሴትዮ ጋን አክላ ብቅ አለች። ለካ አፑ የራሱን ማስታወቂያም ያጎላል!

የኔታ አማተቡና ስልኩን ጠረጴዛው ላይ በፊቱ ደፉት። እኔን ቢደፉኝ ይሻለኝ ነበር።

ጎረቤቴ ሰይዳ፣ ጨርቅ ነጋዴዋ፣ እየሳቀች ገባች። «የእናቴን ስልክ ፊደል ያለምንም አፕ አይደል እንዴ ያጎላሁላት?» አለችና አፑን አጥፍታ ሴቲንግ ከፈተች፤ ከዚያ ዲስፕሌይ፣ ከዚያ ፎንት ሳይዝ። አለቀ። ፊደሉ እንደ ብራና ጽሕፈት ወለል አለ።

የኔታ ለብቻቸው አነበቡ። ፈገግ አሉ። ምን እንደሚል አልነገሩንም።

ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። «በል፣ እሷ የሄደችበትን መንገድ በቃልህ በለው።»

«ሴቲንግ፣ ዲስፕሌይ፣ ፎንት ሳይዝ።»

«ድገም!»

ገበያተኛው በር ላይ ቆሞ እየሰማ ሦስቴ አስደገሙኝ። ሲወጡም «ነገ ጠዋት መጥተህ ታሰማኛለህ» አሉኝ።

እናንተስ፣ ስልካችሁ ውስጥ የነበረውን ነገር ከውጭ ስታመጡ ምን ጉድ ገጠማችሁ? ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ። መልስ ባዘገይ አትቀየሙኝ፤ ጥናት ላይ ነኝ።