የባቡሩ እጀታ

እኔን ብሎ ደግሞ የሙዚየም ሰው! ፊደል ያልቆጠርኩ አሮጊት፣ ጁባ፣ ሀይ ጀላባ ሰፈር ተቀምጬ ድሬዳዋ ያለ ባቡር ምን አገባኝ? ይሄን ሳወራ የምትጽፍልኝ ልጄም እየሳቀችብኝ ነው። ትሳቅ።

ባለቤቴ በሕይወት ሳለ የባቡር ነጂ ነበር። ባቡሩ ናፍጣ ይጠጣል፣ ናፍጣው መብራት ይሠራል፣ መብራቱ ጎማውን ያዞራል። እሱ እንዲህ ነው ያስረዳኝ። እኔ የማውቀው የእጁን ግሪስ ነው። ገበታ በቀረበ ቁጥር "አንተ ሰውዬ፣ እጅህን ታጠብ!" ስለው "ታጥቤያለሁ እኮ፣ አይለቅም" ይለኛል።

ባቡሩ ሥራ ሲያቆም አለቃው ባሌ የሚነዳበትን የነሐስ እጀታ ፈቶ ሰጠው። ከመያዝ ብዛት ጠቁሯል፤ አራት ጣቶቹ ያረፉበት ቦታ ለብቻው ይታያል። ልጄን ተከትዬ ጁባ ስመጣ በቀሚሴ ጠቅልዬ አመጣሁት። ባሌ ካለፈ ወዲህ ጠዋት ጠዋት ጣቶቼን እዚያ ቦታ አስገባለሁ። ለምን አትበሉኝ፣ እንዲሁ ነው።

በቀደም አንድ የሙዚየም ሰው ደወለ። ያንን ባቡር ሰው እንዲጎበኘው እያሰናዱት ነው፤ የጎደለው እጀታው ብቻ ነው። እኔ ጋ እንዳለ የባሌ የድሮ ባልደረቦች ነግረውታል። ሁለት ቀን አቆየሁት። ኋላ ሳስበው፣ እኔ ስሞት ብረት ለቃሚ ነው የሚወስደው። "እሺ" አልኩ።

"እግዜር ይስጥልን እማማ። እንዳለ ይላኩልን፤ ምንም እንዳያደርጉት፣ እንዳይለፉ" አለኝ።

ጨዋ ልጅ! እንግዳ ሁሉ "አይልፉ" ይላል፤ ማን ሰምቶት ያውቃል? ልጄን ካስተም ገበያ ልኬ ሎሚ አስመጣሁ፣ አመድ ጨመርኩበት፣ ከጠዋት እስከ ቀትር ፈተግኩት። ባሌን ከነእድፉ ለሕዝብ አሳያለሁ እንዴ? ወርቅ መሰለ! ልጄ ፎቶ አንስታ ላከችለት።

ወዲያው ደወለ።

"እማማ… የጣቶቹ ቦታስ?"

ለካ የፈለጉት እሱን ነበር። ጎብኚው የነጂውን እጅ እንዲያይ።

"ተዉት፣ እንወስደዋለን" አለ። "ባቡሩ እጀታ ያስፈልገዋል።"

ስልኩ ሲዘጋ እጀታውን አነሳሁት። ጣቶቼን የማስገባበት አጣሁ። ይንሸራተታል፣ ይቀዘቅዛል፣ የማንም ዕቃ ሆኗል። ልጄ "ማሌሽ እማዬ፣ ምንም አይደል" አለችኝ። በሳምንቱ አገር ቤት ለሚሄድ ሰው ሰጠሁት።

ከአጠገባችን ጨርቅ የምትሸጠው ጎረቤቴ መጣች፤ ልታጽናናኝ መስሎኝ ሁሉንም ነገርኳት። እስከ መጨረሻው ሰማችኝና ሻርፗን አስተካክላ ተነሳች።

"ዕድሜ ልኩን እጅህን ታጠብ ስትይው ኖርሽ" አለችኝ። "ይኸው ታጠበልሽ።"