የዝንብ ዓይንና የሱሉልታ ቁልቁለት

ዝንብ እጠላለሁ። ዝንብ ያረፈበትን ምግብ ለውሻ እንኳ አልሰጥም፤ ብርጭቆውን በፈላ ውኃ ሁለት ጊዜ ካላጠብኩ አልጠጣበትም። ስለዚህ ይህን ስጽፍ ምራቄ አፌ ውስጥ እየተጠራቀመ ነው።

የቤት ኪራይ ሲብስብን ከከተማ ወጥተን ሱሉልታ ገባን። የሦስተኛ ክፍል ተማሪዋ ልጄ ግን ትምህርት ቤቷ አዲሱ ገበያ ቀረ። በየጠዋቱ በሚኒባስ እንወርዳለን። መኪናው ጋራውን አልፎ በጠመዝማዛው ቁልቁለት መውረድ ሲጀምር ልጄን ያስመልሳታል። አንድ ቀን፣ ሁለት ቀን አይደለም፤ በየቀኑ።

ጠንቃቃ እናት የምታደርገውን ሁሉ አድርጌያለሁ። ከደረቅ ዳቦ በቀር ቁርስ አልሰጣትም። ሎሚ አሸታታለሁ። ፌስታል በፌስታል ላይ ደርቤ እይዛለሁ። ከሁሉም በላይ ገደሉንና የሚሮጠውን ዛፍ እንዳታይ፣ ብርድም እንዳይመታት፣ ከራሷ እስከ ደረቷ በነጠላዬ እሸፍናታለሁ። ከዚያ ከነጠላው ሥር ስቅታዋን እሰማለሁ። ቀጥሎ ጭኔ ላይ የፌስታሉ ሙቀት ይሰማኛል። የዚያን ሙቀት ቀፋፊነት ያልያዘው ሰው አያውቀውም።

አንድ ቀን ሁለቱም ፌስታል ቀዳዳ ሆኖ ወለሉ ላይ ፈሰሰ።

«ማዘር፣ ፌስታሉ ወንፊት ነው እንዴ?» አለኝ ረዳቱ።

«እግዚኦ ጫማዬን!» አለች አጠገባችን ያለች ሴት። ከኋላ አንዱ መስኮት ሲከፍት ሌላው «ዝጋው፣ ብርድ ልታስመታን ነው?» ብሎ ጮኸበት። ሽታውን ይዘን፣ መስኮቱን ዘግተን ወረድን።

በዚያው ሳምንት አስተማሪዋ ጠርታ «ልጆቹ ‹ትሸታለች፣ አጠገቧ አንቀመጥም› እያሉ ነው» አለችኝ። ልጄ ማታውን «እማ፣ ነገ አልሄድም» አለች። አባቷም «እስኪተዋት ለዚህ መንፈቅ ቤት ትቀመጥ» አለ። እኔም ከአራተኛ ክፍል የቀረሁት ለአንድ ዓመት ብቻ ተብዬ ነው። እስከ ዛሬ አልተመለስኩም።

ቅዳሜ ከሰዓት የልጄን ሹራብ ጊቢው ቧንቧ ላይ ሳጥብ ከሹራቡ የባሰ ሽታ መታኝ። የሚመጣው ከጎረቤቴ ክፍል ነው። ጎረቤቴ እንደኛው ተከራይ የሆነች፣ ዩኒቨርሲቲ የምትማር ወጣት ናት። የታጠበውን ሹራብ እንደያዝኩ በሩን ስገፋው ጠረጴዛዋ ላይ አፉ በሻሽ የታሰረ ትልቅ ጠርሙስ፣ ውስጡ የበሰበሰ ጉበት አለ። ጉበቱ ይንቀሳቀሳል። ትል ነው። በሌላው ጠርሙስ ሥጋ ቤት የሚርመሰመሱት ሰማያዊ ዝንቦች ይጮኻሉ።

«አንቺ፣ አብደሻል?» አልኳት አፍንጫዬን ይዤ።

«ትምህርቴ ነው እትዬ። ዩኒቨርሲቲ ዝንቦቹን የምናረባበት ክፍል እየታደሰ ነው፤ እስከ ሰኞ ነው።»

የጊቢው ባለቤት፣ ሁላችንም ኦቦ የምንላቸው ሽማግሌ፣ ሽታው ጠርቷቸው መጡ። «ጊቢዬ ውስጥ ቲቲሳ፣ ዝንብ ትቀልባለች? ዕድሜ ልኬን ከላሞቼ ዓይን ላይ ሳባርረው የኖርኩትን!»

«ኦቦ፣ እስከ ሰኞ ብቻ ይታገሱኝ።»

«ሰኞ ካገኘሁት ከነጉበቱ ትወጫለሽ» ብለው ሄዱ።

እኔም ልወጣ ስል «ነይ፣ አንድ ነገር ላሳይሽ» አለችኝ። አንዷን ዝንብ ጀርባዋን በጠብታ ሰም ከመርፌ ጫፍ ጋር አጣብቃታለች። ዝንቧ አየር ላይ ሆና ክንፏን ትመታለች። ዙሪያዋን በማርከር ጥቁር መስመር የተሰመረበት ወረቀት እንደ ጣሳ ተጠቅልሎ ቆሟል። ወረቀቱን ወደ ቀኝ ስታዞረው ዝንቧ ወደ ቀኝ ትታገላለች። ወደ ግራ ስታዞረው ወደ ግራ።

«እሷ አልዞረችም፤ የዞረው ወረቀቱ ነው» አለችኝ። «ዓይኗ የሚያየውን የሚቀበሉ ነርቮች አሏት። የምታየው ሁሉ አንድ ላይ ወደ ቀኝ ሲሸሽ፣ ነርቮቹ ወደ ግራ እየዞርሽ ነው ይሏታል። ስለዚህ ወደ ቀኝ ልታስተካክል ትሞክራለች። ለመዞር የሚነቃ ነርቭ አለ፤ ለመውጣትና ለመውረድ፣ ለማዘንበልም ሌላ ሌላ አለ።»

ዝንቧ እግሮቿን ታሻሽ ጀመር። ፊቴን መለስኩ። ግን አንድ ነገር ከአፌ ወጣ። «ዓይኗን ብትሸፍኚባትስ?»

«ያን ጊዜ በዓይኗ መንቀሳቀሷን አታውቅም። ምነው?»

ስለ ነጠላው ነገርኳት። እጄ ላይ የሚንጠባጠበውን ሹራብ አየች።

«እትዬ፣ ሐኪም አይደለሁም። ግን የእኛም ዓይን እንዲህ ይነግረናል፤ ጆሯችን ውስጥም መዞራችንን የሚነግረን አለ። ነጠላው ውስጥ ዓይኗ ተቀምጠሻል ይላታል፣ ጆሮዋ እየተወረወርሽ ነው ይላታል። ሆዷን የሚያገላብጠው የሁለቱ ጠብ ነው። ጋቢና አስቀምጫትና ሩቁን መንገድ ትይ።»

ሹራቡን ይዤ ወጣሁ። ልጄን ከትል ጋር አንድ ያደረገቻት መሰለኝ። የባሰው ግን ሌላ ነው። እውነቷን ከሆነ፣ ያን ሁሉ ጊዜ ልጄን ሳስመልሳት የነበርኩት እኔው ነኝ። ጋቢና ደግሞ ከመኪናው ሁሉ አብልጬ የምፈራው ቦታ ነው፤ ግጭት ቢመጣ የመጀመሪያው እሱ ነው። እሑድን ነጠላውን ሳጥብ ዋልኩ።

ሰኞ ጋቢና አስገባኋት። ቀበቶዋን ሦስት ጊዜ ፈትሼ «ሩቁን መንገድ እዪ» ብያት ከኋላዋ ተቀመጥኩ።

«ማዘር፣ ዛሬ ደግሞ ሹፌሩ ላይ ልታስደፊበት ነው?» አለ ረዳቱ።

«ተዋት፣ ትቀመጥ» አለ ሹፌሩ። «ካስመለሳት የምትጠርገው አንተ ነህ።»

ቁልቁለቱ ጀመረ። የልጄ ራስ ከፊቴ ቀጥ ብሎ ይታያል፤ ከእሱ ወዲያ ያለውን ለማየት ግን ድፍረት አጣሁ። ፊቴን በነጠላዬ ሸፈንኩ። ሦስተኛው መታጠፊያ ላይ አፌ ውኃ ሞላ። ለእሷ የያዝኩትን ፌስታል ለራሴ ከፈትኩት።

«ኧረ ማዘር! ከልጅቷ ወደ አንቺ ተዛወረ?» መኪናው ሙሉ ሳቀ።

«እማ፣ ነጠላውን አንሺና መንገዱን እዪ» አለች ልጄ፣ ወደ ኋላ ሳትዞር በሹፌሩ መስታወት አይታኝ።

አዲሱ ገበያ ስንወርድ ሹራቧ ንጹሕ ነበር። የእኔ ቀሚስ አልነበረም። ከየት እንደመጣች እንጃ፣ ቋጥሬ በያዝኩት ፌስታል ላይ አንዲት ሰማያዊ ዝንብ አርፋለች። እንደ ልማዴ እጇን አጥብቄ ይዤ ወደ ትምህርት ቤቱ በር ላደርሳት ስል ልጄ ቆመች። አየችኝ፤ አሸተተችኝም።

«እማ፣ አንቺ ትሸቻለሽ። እዚሁ ቁሚ» ብላ እጇን ከእጄ አወጣች።

ከነፌስታሌ ቆምኩ። ብቻዋን ገባች።