በስልክ የማይነገር መርዶ

ሶዶ ከማስተምርበት ክፍል ነው የወሰዱኝ፤ ጠመኔው ከእጄ ሳይወርድ። ፖሊስ ጣቢያ ያስገቡኝ ክፍል ጠባብ ነበር፤ ግድግዳው እስከ ወገብ አረንጓዴ የተቀባ፣ እርጥብ ብርድ ልብስ የሚሸት። ጥፋቴ ታናሽ ወንድሜ ነው። ወታደር ነበር። «በገዛ ወገኔ ላይ አልተኩስም» ብሎ ከግንባር ጠፋ፤ በሞያሌ ተሻግሮ ናይሮቢ ጥገኝነት ጠየቀ።

በሦስተኛው ቀን፣ ምሳ ሰዓት ላይ፣ መርማሪው ቢሮው አስጠራኝና ስልኬን ጠረጴዛው ላይ አኖረ።

«እናታችን ሞታለች፣ ለቀብሯ ድረስ በለው። ሞያሌ ላይ እኛ እንቀበለዋለን። አንተም ዛሬውኑ ቤትህ ትገባለህ።»

እኛ ዘንድ መርዶ በስልክ አይነገርም። ሽማግሌዎች በማለዳ ሄደው፣ ሰውየውን አስቀምጠው ነው የሚያረዱት። መርማሪውም የአገሩ ልጅ ነው፤ ይህን አያጣውም።

«በቁሟ?» አልኩት።

ራሱ ደወለና ስፒከሩን ከፈተ።

«ጋሼ! ደህና ናችሁ? እማዬስ?» አለ ወንድሜ።

ጀግና አይደለሁም። ልጆቼ ትዝ አሉኝ። አፌን ከፈትኩ። ምን ልል እንደነበር ዛሬም እርግጠኛ አይደለሁም፤ ይህን ስጽፍ አፍራለሁ።

በሩ ተበረገደ። ተረኛው ጥበቃ፣ ከቢጠና ገጠር የመጣ፣ አማርኛው ሴትና ወንድ የማይለይ ረጅም ፖሊስ፣ ከማሳ ማዶ ሰው የሚጣራ ይመስል ጮኸ።

«መምህር! እናትህ ቦይና ቀቅሎ ይዞ መጣ! በር ላይ ቆሟል!»

ከዚያ ወንድሜ ሳቀ፤ ሳቁ ውስጥ ግን ለቅሶ ነበረበት።

«ተመስገን። የእኔንም ብላልኝ፣ ጋሼ» ብሎ ዘጋው።

መርማሪው ፖሊሱ ላይ አንባረቀበት፤ እኔንም ወደ ክፍሌ መለሰኝ። «ሟቿ» እናቴ በር ላይ ምግቡን በደንቡ መሠረት ቀምሳ ነበር። ፖሊሱ ሳህኑን ሲያቀብለኝ ትልቁን የቦይና ሥር መርጬ፣ ዳጣ አስነክቼ፣ በሁለት እጄ ሰጠሁት። እስረኛ ፖሊስ አይጋብዝም። እሱ ግን ቆቡን አውልቆ ተቀበለኝ፤ ቆመን በላን።

ከዚያ በኋላ ዘጠኝ ቀን ታስሬ ተፈታሁ። ፖሊሱን ራቅ ወዳለ ጣቢያ አዛወሩት። ወንድሜ ዛሬም ናይሮቢ ነው፤ ኑሮው ባይደላም እጁ ንጹሕ ነው። እናቴ ስትጸልይ «ያ ረጅሙ ልጄ» እያለች ፖሊሱን ከእኛ ጋር ትቆጥረዋለች። እኔም እሱን ባሰብኩ ቁጥር አመሰግናለሁ።

ባለፈው ገበያ ውስጥ ድንች ሲመርጥ አገኘሁት። ጡረታ ወጥቷል።

«ያኔ አውቀህ ነው የጮህከው?» አልኩት።

«ኧረ መምህር! ምሳው እንዳይቀዘቅዝ ብዬ ነው» አለና ዓይኑን ወደ ድንቹ መለሰ።

ቦይና ቀዝቅዞም እንደሚበላ ሁለታችንም እናውቃለን።