የዓርቡ ኩዊዝ ከማን እጅ ወጣ

አርባ ምንጭ የደረሰኝ በዕጣ ነው። ለሁለት ዓመት ብዬ ሄጄ አምስተኛ ዓመቴን ያዝኩ። በየክረምቱ የዝውውር ማመልከቻ አስገባለሁ፤ በየመስከረሙ «ተተኪ ስላልተገኘ ለጊዜው ባሉበት ይቀጥሉ» የሚል መልስ ይመጣልኛል። ብሔራዊ ውትድርና ታውጆ ወጣቱ ከየመንገዱ የሚታፈስበት ጊዜ ስለነበር፣ ተተኪ መጥፋቱ አይገርምም።

የማስተምረው አሥረኛ ክፍል አልጄብራ ነው፤ ሦስት ሴክሽን። በአንዱ ክፍል ሰማንያ ተማሪ አለ፤ አንድ ዴስክ ላይ አራት፣ አንዳንዴም አምስት ሆነው ይቀመጣሉ። ረቡዕ ክለሳ አደርጋለሁ፣ ዓርብ ኩዊዝ እሰጣለሁ፣ ቅዳሜና እሑድ አርማለሁ። ሰኞ ከሰዓት በኋላ የውይይት ክበብ አለ፤ መቅረት አይቻልም። አንዱ ከመጽሔት ያነባል፣ እኛ ከሙቀቱ ጋር እየታገልን እናንቀላፋለን፣ መጨረሻ ላይ እናጨበጭባለን። በመሀል ወባ ትጥለኛለች። ከወባዋ ይልቅ የሚመርረኝ መድኃኒቱ ነበር፤ ክሎሮኪን በወሰድኩ ቁጥር መላ ገላዬን ያሳክከኛል። ጠመኔ የያዝኩበትን እጅ በሌላው እጄ እያከክሁ አስተምር ነበር።

ስመጣ እንዲህ አልነበርኩም። የረቡዑን ክለሳ ጨዋታ አድርጌው ነበር። ክፍሉን የመስኮት ረድፍ፣ የመሀል ረድፍ፣ የግድግዳ ረድፍ ብዬ ከፍዬ አወዳድራቸዋለሁ። ጥያቄ ሰሌዳው ላይ ስጽፍ ከየረድፉ አንድ አንድ ተማሪ ጠመኔ ይዞ ይሮጣል፤ ቀድሞ በትክክል የፈታ ለረድፉ ነጥብ ያስገኛል። የተሸነፈው ረድፍ ክፍሉን ይጠርጋል። ጩኸቱ ሲበዛ ከጎናችን ያለው የጂኦግራፊ መምህር ግድግዳውን በቡጢ ይመታል፤ እኛ ደግሞ ያን ጊዜ ይብስብናል። ለዓርብ ኩዊዝ በየሳምንቱ አዲስ ጥያቄ አወጣ ነበር። አርሜ ከመለስኩ በኋላም እያንዳንዱን ጥያቄ ሰሌዳ ላይ ሠርቼ ደብተራቸው ላይ አስገለብጣቸዋለሁ።

በአራተኛው ዓመት አንድ ሐሙስ ትኩሳት ላይ ነበርኩ። አምስት ጥያቄ ማሰብ አቃተኝ። የድሮ ወረቀቶቼን የማስቀምጥበትን ፋይል ከፍቼ ያለፈውን ዓመት ኩዊዝ አወጣሁና እንዳለ ገለበጥኩት። ማንም ምንም አላለኝም። ከዚያ ወዲያ አዲስ ጥያቄ ማውጣት ተውኩ። በየሳምንቱ የዚያኑ ሳምንት አሮጌ ወረቀት አወጣለሁ፣ በእጄ እገለብጣለሁ፣ ለጸሐፊዋ እሰጣለሁ።

የትምህርት ቤቱ ጸሐፊ በዕድሜ ከእኔ በጣም የሚበልጡ፣ ቁጥብ የጋሞ ሴት ነበሩ። እኔ «እትዬ» እላቸዋለሁ፤ እሳቸው «እህቴ» ይሉኛል። ጸሎት ቤታቸው ከተዘጋ ወዲህ እሑድ እሑድ ከእምነት ጓደኞቻቸው ጋር በየሰዉ ቤት እንደሚሰበሰቡ ሁላችንም እናውቃለን፤ አናወራውም። የእንግሊዝኛው የጽሕፈት መኪና የመደመር ምልክቱ ተሰብሮ ስለነበር፣ እትዬ በመደመር ቦታ የመቀነስ ሰረዝ ይመቱና የማባዣውን ሰም ወረቀት፣ ስቴንስሉን አውጥተው በሹል ብረት ሰረዟ ላይ ቁልቁል መስመር ይጭራሉ። አልጄብራ አያውቁም። የት የት እንደሚጭሩ የሚያውቁት የእኔን የእጅ ጽሑፍ እያዩ ነው።

በአምስተኛው ዓመት ኅዳር ላይ፣ አንድ ቅዳሜ ጠዋት የሁለተኛውን ሴክሽን ወረቀት ማረም ጀመርኩ። ዐሥር ከዐሥር። ቀጥሎ ያለውም ዐሥር። ከሰማንያው ሠላሳ የሚሆኑት ዘጠኝና ዐሥር ነበራቸው። እንዲህ ያለ ውጤት በዚያ ክፍል አይቼ አላውቅም። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር፤ የማርመው ግን በእጄ ከጻፍኩት ነበርና፣ የታተመውን አራተኛ ጥያቄ ልብ ብዬ ሳየው ቀዘቀዝኩ።

እትዬ አንዷን መስመር መጫር ረስተዋል። እኔ የጻፍኩት ኤክስ ስኩዌር ሲደመር አምስት ኤክስ ሲደመር ስድስት ነው። በተባዛው ወረቀት ላይ የወጣው ግን ኤክስ ስኩዌር ሲቀነስ አምስት ኤክስ ሲደመር ስድስት ነበር። የታተመውን የሠራ ልጅ መልሱ ሁለትና ሦስት ይመጣለታል። ሠላሳዎቹ ልጆች ግን ጥያቄውን ራሱን በመደመር ገልብጠው፣ ኔጌቲቭ ሁለትና ኔጌቲቭ ሦስት ብለው ነበር የመለሱት። ወረቀታቸው ላይ የሌለ ጥያቄ ነው የሠሩት። እንግዲህ ይህን ጥያቄ በመደመር ያየው ከእኔ ሌላ የእጅ ጽሑፌ ያለበት ሰው ብቻ ነው አልኩ።

ሰኞ ጠዋት ቢሯቸው ገባሁ።

«እትዬ፣ ወረቀቴን ለማን አሳዩት?»

«የቱን ወረቀት?»

«የዓርቡን ኩዊዝ። ልጆቹ ቀድመው አይተውታል።»

እጃቸውን ከጽሕፈት መኪናው ላይ አነሡ። «እህቴ፣ ስጨርስ አጥፌ መልሼልሻለሁ። በእጅሽ ነው የተቀበልሽኝ።»

«ከእርስዎና ከእኔ በቀር ያየው የለም። እኔ ደግሞ ለልጆቹ አልሰጠሁም።»

«እኔም አልሰጠሁም» አሉ። ወደ ጽሕፈታቸው ተመለሱ። ይህን እንደ ጥፋተኝነት ቆጠርኩባቸው።

ለርዕሰ መምህሩ ነገርኩት። እሱ ጋ የትምህርት ቤቱ የፓርቲ ተጠሪ ተቀምጦ ነበር፤ ወትሮም የእትዬ የእሑድ ስብሰባ ያሳስበው የነበረ ሰው ነው። «ጓድ መምህርት፣ ይህን በጽሑፍ አቅርቢ» አለኝ። በማግስቱ ራሱ አስጽፎ አመጣልኝ። እኔ የተናገርኩት በሁለት መስመር ነበር ያለቀው። የቀረው እትዬ የፈተና ምስጢር ማውጣታቸውን፣ ከአንድ የእምነት ቡድን ጋር አጠራጣሪ ግንኙነት እንዳላቸውና ከምስጢራዊ ሥራ መነሳት እንደሚገባቸው የሚገልጽ ነበር።

«ይሄን እኔ አላልኩም» አልኩት።

«ከኩዊዙ ጋር የተያያዘ ነው። ፈርሚና ጨርሺ፤ አራተኛ ፔሬድ ክፍል አለብሽ።»

አነበብኩት። ልክ እንዳልሆነ ገብቶኛል። የማላውቀውን አልፈርምም ብል ስንት ስብሰባ እንደሚከተል፣ ስንት ጊዜ ተጠርቼ ስንት ጥያቄ እንደምጠየቅ አሰብኩ፤ ገና ሳስበው ደከመኝ። ፈረምኩ። በዚያው ሳምንት እትዬ ከጽሕፈት መኪናው ተነሥተው የተሰባበሩ ዴስኮችና አሮጌ መጻሕፍት የሚከማቹበት ዕቃ ቤት ተመደቡ።

በሚቀጥለው ረቡዕ ክለሳ ነበር። እንደ ልማዴ ረድፎቹን አወዳደርኩ። ከመስኮት ረድፍ የወጣችው ልጅ ከከተማው ውጭ ያለው ገጠር፣ የላንቴ ልጅ ነች፤ ከዚያ በእግሯ እየመጣች የምትማር፣ ወላጆቿ ሙዝ የሚያለሙ። እኔ ገና ከአሮጌው ፋይል ያወጣሁትን ጥያቄ ግማሽ እንደጻፍኩ እሷ ቀሪውን ጽፋ መፍታት ጀመረች። ክፍሉ ሳቀ። እኔ ጠመኔዬን እንደያዝኩ ቆምኩ።

«ቀሪውን ከየት አመጣሽው?»

«ከደብተር፣ ቲቸር።»

«የታለ ደብተሩ?»

ከዴስኳ ውስጥ አውጥታ ሰጠችኝ። ጠርዙ የተቦጫጨቀ፣ በጋዜጣ የተለበጠ ደብተር ነው። ገለጥኩት። ከጥቅምት ጀምሮ ሳምንት በሳምንት፣ ኩዊዝ አንድ፣ ኩዊዝ ሁለት እየተባለ፣ ሰሌዳ ላይ የሠራሁት ሁሉ አንድም ሳይቀር ተገልብጧል። በየገጹ ግርጌ የእኔ ቀይ እስክሪብቶ አለ፤ «ጎበዝ» ብዬ ፈርሜበታለሁ። አራተኛዋ ጥያቄም አለች፤ በመደመር።

«የማነው?»

«የወንድሜ ነው። አምና ቲቸር ነው ያስተማረው።»

«እሱስ የት አለ?»

«ወሰዱት። ከሲቀላ መናኸሪያ ነው የወሰዱት፤ ሙዝ ሊጭን መጥቶ።» ልጅቷ አፍ የፈታችው በጋሞኛ ስለሆነ በአማርኛዋ ሴቱም ወንድ ነበር። «እናቴ ይሄን ደብተር አይሰጥም ነበር። ለትምህርት ነው ብዬ ለምኜ ሰጠኝ።»

ልጁ ትዝ አለኝ። ከግድግዳው ረድፍ ጥግ ላይ የሚቀመጥ ረጅም ልጅ ነበር። መወሰዱን አልሰማሁም።

«ለሌሎቹም አሳይተሻል?»

አጎንብሳ ነበር፤ ቀና አለች። «ሐሙስ ሐሙስ ኩልፎ ወንዝ ዳር ማንጎው ሥር ተቀምጠን እንገለብጣለን። ጥፋት ነው እንዴ፣ ቲቸር? ክለሳ ነው ብለን እኮ ነው።»

ጥፋት አልነበረም። አጥኑ ብያቸዋለሁ፤ አጠኑ። ከእኔ በቀር ማንም አላጠፋም። ደብተሩን መለስኩላትና የቀረውን ፔሬድ ተቀምጬ አሳለፍኩት።

ርዕሰ መምህሩ ጋ ሄጄ እንዲህና እንዲህ ነው አልኩት። ጭንቅላቱን ያዘ። «ደብዳቤው እኮ ወደ ላይ ሄዷል!» አለኝ። ሌላ ደብዳቤ ጻፍኩ፤ ጥፋቱ የእኔ እንደሆነ፣ አሮጌ ጥያቄ ደግሜ እንደሰጠሁ። ይዤ በላይኛው ከተማ፣ ሴቻ ወዳለው ትምህርት ጽሕፈት ቤት በዚያ ፀሐይ ዳገቱን ወጣሁ። ኃላፊው ስብሰባ ላይ ነው ተባልኩ። በሳምንቱ ደግሜ ወጣሁ፤ ለመስክ ሥራ ሄዷል። በሦስተኛው የመዝገብ ቤቱ ሠራተኛ ሁለቱን ደብዳቤዎች ጎን ለጎን አድርጎ አየኝ። «የትኛው ላይ ነው እውነት የተናገርሽው?» አለኝ። ሁለተኛው ላይ ነው አልኩት። «የመጀመሪያውንስ ለምን ፈረምሽ?» ብሎ ጠየቀኝ። ማኅተም መትቶ ሁለቱንም አንድ ፋይል ውስጥ ከተታቸው።

እትዬ ቤት የሄድኩት ከዚያ በኋላ ነው። አስቀድሜ መሄድ ነበረብኝ፤ እግሬ እምቢ አለኝ። ሲያዩኝ ግቢ አሉኝ። የበቆሎ ቂጣና ሀለኮ የሚባለውን የዛፍ ቅጠል ቀቅለው አቀረቡልኝ። ሁሉንም ነገርኳቸው፤ የደብተሩን፣ የልጁን፣ የሴቻውን ምልልስ። አላቋረጡኝም።

«ደብዳቤውን ሳታነቢ ነው የፈረምሽው?» አሉ መጨረሻ ላይ።

ሳላነብ ነው ብል ይቀለኝ ነበር። «አንብቤ ነው፣ እትዬ።»

ቂጣውን ቆረሱልኝ። «ልጆቼ ጠይቀውኛል። እማ፣ ሌባ ነሽ ወይ ብለው። ሰፈር ውስጥ ሰምተው ነው።» ከዚያ ሳህኑን ወደ እኔ ገፋ አደረጉት። «ብዪ። ይቅር ብዬሻለሁ። እኛ ይቅር ካላልን መጸለይ አንችልም። ግን ዛሬ ብዙ አታውሪኝ፤ ደክሞኛል። አቧራው ደረቴን ይዞታል።»

በላሁ። እስከ በር ሸኙኝ።

እትዬ ወደ ጽሕፈት መኪናቸው የተመለሱት የካቲት ላይ ነው፤ ያውም በእኔ ደብዳቤ አይደለም። የተካቻቸው ልጅ በሁለት ጣት ስለምትመታ የሴሚስተሩ ፈተና ሊደርስ አልቻለም፣ ስለዚህ ጠሯቸው። ተጠሪው የተቃወመ አይመስለኝም፤ በእንግሊዝኛው መኪና በቅጡ የሚመታ ሌላ ሰው አልነበረም። ከዚያ በኋላ ማንም መምህር ጥያቄ ይዞ ሲሄድ ደብተር ከፍተው ያስፈርሙታል፤ ሲቀበል አንድ ጊዜ፣ ሲመልሱለት አንድ ጊዜ። እኔንም አስፈረሙኝ። አሁንም «እህቴ» ነው የሚሉኝ፤ ነገር ግን እንደ ድሮው ወንበር ስበው ተቀመጪ አይሉኝም።

እትዬ እስኪመለሱ ድረስ የነበሩትን ኩዊዞች ሰሌዳ ላይ ነበር የምጽፈው። አሮጌውን ፋይል ተውኩት። ረቡዕ ማታ ጥያቄ አሰላስላለሁ፣ ሐሙስ ጠዋት እያንዳንዱን ራሴ ሠርቼ አየዋለሁ፤ ከአምስቱ ሁለቱ የማያምር መልስ ይሰጡኝና እንደገና እጀምራለሁ። ቀላል አልሆነልኝም። ትጋቴ ተመለሰ ብዬ ብጽፍ ውሸት ነው፤ እንደደከመኝ ነበር የምሠራው። ውጤቱ ወደቀ። የላንቴዋ ልጅ መጀመሪያ ከዐሥር ሦስት አገኘች። ወረቀቷን ስሰጣት አየችውና፣ «ይሄ ደብተር ላይ የለም» አለችኝ፣ እንደ መክሰስ አድርጋ። «የለም» አልኳት። ግንቦት ላይ ስድስት ደረሰች። ስለ ወንድሟ አንድ ጊዜ ጠየቅኋት፤ ከሰሜን አንድ ደብዳቤ መጥቶ እንደነበር፣ ከዚያ ወዲህ ሌላ እንዳልመጣ ነገረችኝ። ሁለተኛ አልጠየቅኋትም።

ዝውውሬ የተፈቀደው በስድስተኛው ዓመት ነው። ወረቀቱን የጻፉት እትዬ ነበሩ። ስሜን፣ የተዛወርኩበትን ቦታ፣ የማስተምረውን ትምህርት አንድም ሳይሳሳቱ መትተው፣ በሁለት እጃቸው ሰጡኝ። «መንገድሽን ጌታ ያቅናው» አሉኝ፤ የፓርቲው ተጠሪ በር ላይ ቆሞ እየሰማ። አመስግኜ ወጣሁ፤ አውቶቡሱ በማግስቱ ጠዋት ነበር፣ ሻንጣዬን ገና አላሰርኩም ነበር።